የመንጋጋው ለቅሶ

ጥር 8

ሦስተኛ ሳምንታችን። የከርከሮ ጥርስ፣ የከርከሮ ጥርስ፣ የጉማሬ ጉልበት፣ አሁንም የከርከሮ ጥርስ። የጥንት የሰው ዘር ቅሪት ፍለጋ አሥራ አራት ዓመት አፋር ውስጥ ተንከራትቼ፣ በመጨረሻ የራሴን ቡድን ይዤ ወደ ትውልድ ከተማዬ መካነ ሰላም ስመጣ የጠበቀኝ ይኸው ነው። ቡድን ያልኩት እኔና ሾፌሩ ሁዜይፋ ነን። ሁዜይፋ ዛሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል ጫፍ ቆሞ፣ "ዶክተር፣ የጥንቱ ሰው ብርዱን ፈርቶ ቆላ ወርዶ ይሆናል እኮ" አለኝ። ሳይንሳዊ አስተያየት ስለሆነ መዝግቤዋለሁ።

አለቃዬ ዶክተር ደብረወርቅ ከአዲስ አበባ ደወለ። እስከ ጥር መጨረሻ ከሰው ዘር የሆነ አንድ ነገር ካልተገኘ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፤ እኔም ምድር ቤት ወዳለው መጋዘናችን ተመልሼ የከርከሮ ጥርስ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ይህን ሥራ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። አፋር ላይ ያገኘሁት የክንድ አጥንት በትልቅ መጽሔት ሲወጣ ስሜ ምስጋናው ላይ ነበረ፣ ከወጥ ሠሪው ቀጥሎ።

እማዬ እራት ላይ፣ "ሰገነት፣ አባትሽ ጋ መቼ ትሄጃለሽ?" አለች። ሥራው ጋብ ሲል አልኳት። መቃብሩ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከቤታችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

ጥር 10

ከተራ ነው፣ ሥራ የለም። ማስታወሻ አስተካክላለሁ ብዬ ቤት ቀረሁ። አላስተካከልኩም።

ግድግዳው ላይ የአባዬ ጡሩንባ ተሰቅሏል። አባዬ አስናቀው ሠላሳ ዓመት የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ለከተማው የሚያሰማው እሱ ነው። ዓምና ኅዳር እሱ ራሱ ሲያርፍ ግን እኔ አፋር ነበርኩ። ኔትወርክ አልነበረም። የደረስኩት ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ጡሩንባው አቧራ የለበትም፤ እማዬ ትወለውለዋለች ማለት ነው።

ጥር 14

አገኘሁ!!!

ዝርዝሩን በኋላ።

ጥር 14፣ አመሻሽ

አገኛኘቴ ሳይንስን የሚያኮራ አይደለም። ከገበሬው ከቸኮል ማሳ በታች፣ ከሁዜይፋ ዓይን ለመሰወር ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ቁጭ ባልኩበት፣ ሦስት ጥርሶች ቀና ብለው አዩኝ። የታች መንጋጋ ግማሽ፣ ጥርሶቹ ከነሥራቸው። ከርከሮ አይደለም። ዝንጀሮም አይደለም። ከላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ እንደገመትኩት ከሆነ ዕድሜው ከሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ልብሴን ሳላስተካክል ጮህኩ። ሁዜይፋ እባብ የነደፈኝ መስሎት ድንጋይ ይዞ መጣ።

"የታለ?"

"ይኸውልህ!"

ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ጥርሱ ከኔ ይሻላል ወላሂ" አለ።

ፎቶውን ለደብረወርቅ ላክሁ። "ደስ ይላል። ፎቶ ግን ማስረጃ አይሆንም። ጥር 29 መጥቼ በእጄ እይዘዋለሁ" ብሎ መለሰ። ይህ ሰው "ደስ ይላል" ሲል ሌላው ሰው ጨፈረ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት መደወል ያማረኝ ለአባዬ ነበር። ቁጥሩ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። በጣም ናፈቀኝ።

ጥር 16

ለአካባቢው ሰው ሳይነገር መቆፈር ጠብ ያመጣል ብዬ ሽማግሌዎቹን ገደሉ ጫፍ ላይ ሰበሰብኳቸው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወንድማገኘሁ መጡ። ምክትላቸው ሼህ ሳዲቅ መጡ። እድራችን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው። ቸኮልም ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። አፌን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም።

"ይህ ተራ ድንጋይ አይደለም። የሁላችንም አያት ነው። እንደ ባዳ አትዩት፣ የቤተሰባችን አባል ነው!" አልኩ።

ሼህ ሳዲቅ ጢማቸውን እየደባበሱ፣ "ሙስሊም ነው ክርስቲያን?" ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ሼህ፣ እሱ ሲኖር ሁለቱም ገና አልመጡም ነበር።"

"እንግዲያው የሁለታችንም ነዋ" አሉ። ይህን አባባል በጣም ወድጄዋለሁ፣ ለጽሑፌ መግቢያ ይሆነኛል።

ጋሽ ወንድማገኘሁ አልሳቁም። "ቤተሰቤ ነው ያልሽው ከልብሽ ነው?" አሉኝ። ከልቤ ነው ጋሼ አልኳቸው። ከኮት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው አንድ ነገር ጻፉ። ለሳይንስ እንዲህ የሚጨነቅ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

ጥር 17

መንጋጋው ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እንዲሁ ቢያነሱት ይፈርሳል። የሥራችን ደንብ በጨርቅና በጀሶ ጠቅልሎ፣ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ባለበት መተው ነው። ጀሶ ነበረኝ፣ ጨርቅ አልቆብኛል። ፊርደውስ ሱቅ ገብቼ አቡጀዲ ጠየቅኩ።

"ለአዋቂ ነው ለልጅ?" አለች ፊርደውስ ጨርቁን በክንዷ እየለካች።

ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር ቀልድ አማረኝ። "ለአንድ ሽማግሌ ዘመዴ" አልኳት።

ፊቷ ሐዘን ለበሰ። "አላህ ሰብር ይስጥሽ" ብላ ከለካችው ላይ አንድ ክንድ ጨመረችልኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ።

ከሰዓት መንጋጋውን በአቡጀዲ ጠቅልዬ ጀሶ አለበስኩት። ነጭ፣ ጥብቅ ያለ፣ የሚያምር ሆነ። ቸኮል ዳር ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ ያያል። እንዲጠብቅልኝ ለመንኩት።

"እዚሁ ሜዳ ላይ ሊያድር?"

"አዎ፣ ሁለት ቀን።"

"ጅብ አለ እኮ እህቴ።"

"ጅብ ይህን ምን ያደርገዋል?" ብዬ ሳቅሁ። ራሱን ነቀነቀ። ብዙ የማይናገር ጨዋ ሰው ነው።

ጥር 18

ጎህ ሲቀድ ጡሩንባ ተነፋ። አዲሱ ነፊ መሃል ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል። ማን እንደሞተ አልጠየቅኩም። ወደ ወግዲ እንሄዳለን፣ እዚያም ያው የአመድ ንጣፍ እንዳለ ማየት አለብኝ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፍ ላይ ቆማለች። "ዛሬ እንኳ አትቀሪም?" አለች። አመሻሽ እመለሳለሁ ብያት መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ስመለስ፦ ወግዲ ገደል ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ንጣፉ ግን አለ! እማዬ ንፍሮ አቀረበችልኝ፤ ርቦኝ ስለነበር ሦስት እፍኝ ዘገንኩ። "እንዴት ይጣፍጣል!" ስላት ትክ ብላ አየችኝ። በኋላ ጓዳ ውስጥ ለጎረቤት፣ "የሷ ነገር እንደዚሁ ነው" ስትል ሰማሁ። ስለ አበላሌ ይመስለኛል።

ጥር 19

የለም።

ጀሶው የለም። መንጋጋው የለም። የነበረበት ጉድጓድ ብቻ፣ ያውም ተጠርጎ። ቸኮል ቤት የለም። ደብረወርቅ ሊመጣ አሥር ቀን።

ጥር 20

ፖሊስ ጣቢያ።

"ምን ጠፋብሽ?"

"መንጋጋ።"

"የማን?"

ምላሴ ለምዶበታል። "የአያቴ" አልኩ።

"አያትሽ መቼ ነው የሞቱት?"

"ከሚሊዮን ዓመት በፊት።"

እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ውሃ ልትጠጪ ትፈልጊያለሽ ወይ አለኝ።

ቸኮልን ገበያ መሃል አገኘሁት። ሌባ አልኩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ቱግ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ "ዳኛውን ጠይቂ እህቴ" ብሎኝ በሬውን እየጎተተ ሄደ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘኔታ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 21

ቀብረውታል።

ከጋሽ ወንድማገኘሁ ቤት አሁን መመለሴ ነው። እንደሰማሁት ልጻፈው።

"እኛ ምን አጠፋን?" አሉ ትንሿን ደብተር ገልጠው። "ጥር 16 ቤተሰቤ ነው አልሽ። በማግስቱ ከፊርደውስ ሱቅ ከፈን ገዛሽ፣ ለሽማግሌ ዘመዴ ብለሽ። በገዛ እጅሽ ገነዝሽው። ከዚያ ሜዳ ላይ ጥለሽው እራትሽን ልትበዪ ሄድሽ። ቸኮል እሳት አንድዶ ከጅብ ሲጠብቅልሽ አድሮ፣ አፍሮ፣ እኔ ጋ መጣ። የአስናቀው ልጅ ሥራ በዝቶባት እንጂ ክፉ አይደለችም አልኩና ጡሩንባ አስነፋሁ።"

"ጋሼ፣ ጀሶ ነበር እኮ!"

"ነጭ ነበር" አሉ።

ሁለት መቶ ሰው ወጥቷል። ቄስ መልአኩ፣ መጠመቁን ስለማላውቅ ፍትሐት አላደርስም፣ ግን እሸኘዋለሁ አሉ። ሼህ ሳዲቅ፣ አልሰግድበትም፣ ዱዓ ግን ለማንም አይከለከልም አሉ። ስላልተጠመቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አይገባም ተባለ። ከዘመዱ እንዳይርቅ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ፣ ልክ በአባዬ መቃብር ትራስጌ በኩል አሳረፉት። በመሃላቸው ያለው የድንጋይ ካብ ብቻ ነው።

"ታዲያ ለምን አልጠራችሁኝም?" ብዬ ጮህኩ።

"አሥር ጊዜ ደወልንልሽ።"

"ወግዲ ነበርኩ፣ ኔትወርክ አልነበረም!"

ጋሽ ወንድማገኘሁ ወደ ሚስታቸው አዩ። ሚስታቸው መሬት መሬት አዩ። "እንደ ዓምናው" አሉ ሴትየዋ ቀስ ብለው።

በሕይወቴ እውነት የተናገርኩበት ቀን ማንም አላመነኝም። ንፍሮውም የቀብር ንፍሮ ነበር።

ጥር 22

ይውጣልኝ ብዬ ለመንኩ። የተቀበረ አይነካም። "ሳይንስ ነው እኮ" ስል ሼህ ሳዲቅ፣ "ሳይንስን እናከብራለን ልጄ፤ ንፍሮ ሳይቀቀል ብትነግሪን ደግ ነበር" አሉኝ።

ደብረወርቅ ደወለ። መንጋጋው እንዴት ነው? ጥሩ ቦታ ላይ ነው አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም።

ሕጉ ከኔ ጋር ነው፣ ፖሊስ አስከትዬ ማስቆፈር እችላለሁ። ለሁዜይፋ ነገርኩት። "ትችያለሽ" አለ መስታወቱን እየወለወለ። "ከዚያ በኋላ እናትሽ እዚህ ከተማ ከማን ጋር ትኖራለች?" ካልወጣ ግን ፕሮጀክቱ ያበቃል፤ የኔም ነገር ያበቃል። ዕድሜ ልኬን የፈለግኩት ያ ነው፣ አንድ የራሴ ግኝት።

ጥር 23

ጋሽ ወንድማገኘሁ አስጠሩኝ። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ አድረዋል። ለካ መውጫ አለ፦ አጽም ይፈልሳል። ሰው ካገሩ ርቆ ሞቶ የተቀበረ እንደሆነ ቤተሰቡ ጠይቆ አጽሙን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል። ጠያቂው ግን ዘመድ መሆን አለበት። ደግሞም ለቅሶ የተቀመጠ።

"ዘመድነትሽን በሰው ፊት ተናግረሻል" አሉ። "ለቅሶ ግን አልተቀመጥሽም።"

"ለመንጋጋ ነው ለቅሶ የምቀመጠው ጋሼ?"

"ሦስት ቀን" አሉ። ደብተራቸውን ዘግተው፣ "አባትሽ ሠላሳ ዓመት ሲነፋ ለማን ነው ብሎ መርጦ አያውቅም" አሉኝ።

ስድስት ቀን ቀርቶኛል፣ ሦስቱ ሲቀነስ ሦስት። እሺ። እቀመጣለሁ። ለሳይንስ ስል።

ጥር 24፣ የመጀመሪያ ቀን

ግቢያችን ድንኳን ተተከለ። የዶክትሬት ዲግሪ አለኝ፣ ጥቁር ለብሼ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው ይገባል። እግዜር ያጥናሽ። አላህ ሰብር ይስጥሽ። አንዲት ባልቴት፣ "ታመው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። "ጥርሳቸው እስከ መጨረሻው ደህና ነበር" አልኩ። ሁዜይፋ ሳቁን ሊውጥ ተነስቶ ወጣ።

ለቅሶ ቤት ስለ ሟቹ ይወራል። መንጋጋውን የሚያውቀው ስለሌለ ወሬው ወደ አባዬ ሄደ። አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ መንገድ ሠራተኛ እዚህ ይሞታል። ዘመድ የለውም፣ ቀባሪ የለውም። አባዬ ቀኑን ሙሉ እየዞረ በየሰፈሩ ነፋለት፤ ሰው ወጥቶ እንደ ባለ ርስት ተቀበረ አሉ። ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከሱ ጋር ስናወራ ሁሌ ስለ ኔ አጥንቶች ነበር የምናወራው።

ቸኮልም መጣ። ገበያ ላይ ስላልኩት ነገር ይቅርታ ልለምነው ብነሳ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። "አብሽሪ፣ ሐዘንተኛ አይነሳም" አለ።

ጥር 25፣ ሁለተኛ ቀን

ኔትወርክ ነበረ።

ይኸው ጻፍኩት። ዓምና ኅዳር፣ አፋር፣ ከድንኳናችን ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ስልክ ይሠራል። እማዬ "አባትሽ ታሟል፣ ስምሽን ይጠራል" ያለችኝ ማክሰኞ ነው። ያን ቀን እዚያው ጉብታ ላይ አንድ መንጋጋ ጫፉ ከመሬት ብቅ ብሎ ነበር። የሰው መሰለኝ። ሁለት ቀን ቢወስድ ነው፣ ከዚያ እሄዳለሁ አልኩ። ረቡዕ ስልኩ ጠራ። ካነሳሁት መሄዴ ነው ብዬ አላነሳሁትም። ሐሙስም ጠራ። አርብ መንጋጋውን አወጣሁት። የዝንጀሮ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ሰው ጋብ ሲል ይህን ለእማዬ ነገርኳት። እያለቀስኩ ስለነበር ቃሉ ተቆራርጦ ወጣ። የነጠላዋን ጥለት እያሻሸች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

"ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። ኔትወርክ ከሌለ መቼ ይጠራል?"

ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ፣ ኔትወርክ አልነበረም ባልኩ ቁጥር "እህ" ብቻ ትለኝ ነበር። ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት። "ራስሽ እስክትነግሪኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ በደንብ አላስታውስም። ጮኼ አልቅሻለሁ። ሴቶቹ ከግራና ቀኝ ይዘውኛል። አባዬን አባዬን ስል አንዲቷም፣ "ለቅሶው የአያትሽ አልነበረም ወይ?" አላለችኝም።

ጥር 26፣ ሦስተኛ ቀን

ደብረወርቅ ሦስት ቀን ቀድሞ ከተፍ አለ። ድንኳን ሲያይ ደንግጦ ገባና እጄን ጨበጠኝ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ። ማን ነው ያረፈው?"

"አያቴ" አልኩ። ዓይኔ አብጦ ነበር፣ አመነኝ።

ተቀመጠ፣ ንፍሮ ተሰጠው። አጠገቡ የነበሩት ሼህ ሳዲቅ ዝግ ባለ ድምፅ ከሀ እስከ ፐ ነገሩት። እፍኙ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

"መንጋጋው... ተቀብሯል?"

"በክብር" አሉት ሼህ ሳዲቅ። "ሁለት መቶ ሰው ወጥቷል። እርስዎ ያንን ያህል ቀባሪ ካገኙ አልሐምዱሊላህ ይበሉ።"

ደብረወርቅ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሰዉ አየ፣ ንፍሮውን ቃመ። እስኪመሽ አብሮን ተቀመጠ።

ጥር 27

ጠዋት ሄድን። ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ቦታ የሚወስድ የጓሮ መንገድ አለ፣ በቅጥሩ ውስጥ ማለፍ አያስፈልግም። በውስጥ አለፍኩ። አባዬ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ነገር ነበር፣ ጠፋኝ። "መጣሁ" ብቻ አልኩት።

ቄስ መልአኩ ጸለዩ፣ ሼህ ሳዲቅ ዱዓ አደረጉ፣ ቸኮል ቆፈረ። አፈሩን በእጁ ነው ያነሳው፣ ጥንቃቄው ከኔ ይበልጣል። ጀሶው አንዲት ስንጥቅ የለውም። ደብረወርቅ በሁለት እጁ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ያዘው። "ጽሑፉ ላይ ስምሽ መጀመሪያ ይሆናል" አለኝ። ይህን ለመስማት አሥራ አራት ዓመት ጠብቄአለሁ፣ ደስ አለኝ፣ በጣም። የቸኮልም ስም ይግባ አልኩ። "ምስጋናው ላይ?" አለ። "ከወጥ ሠሪው በፊት" አልኩት።

ልንሄድ ስንል ጋሽ ወንድማገኘሁ፣ "የሚፈልስ አጽም ያለ ጡሩንባ አይሸኝም። የቤተሰብ ሰው ይንፋ" አሉ። እማዬ ከነጠላዋ ስር የአባዬን ጡሩንባ አወጣች። ለካ ተማክረውበታል።

መጀመሪያ ምራቅ ብቻ ወጣ። ሁለተኛው እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ድምፅ ነበር። ሁዜይፋ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም፣ ቄስ መልአኩ ሳይቀሩ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔም እየሳቅሁ፣ ዓይኔም እየፈሰሰ፣ ሦስተኛ ሞከርኩ። ወጣ። የተንጋደደ ነው፣ ግን ረጅም ነው፤ ገደሉ ተቀብሎ ወደ ዓባይ ይዞት ሲወርድ ሰማሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ከታችኛው ሰፈር ወይዘሮ የሻለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለከለኩ መጡ። ጡሩንባውን ሰምተዋል።

"ይታይሽ፣ ማን ሞተ?" ብለው እማዬን ጠየቁ።

"አስናቀው" አለች እማዬ።

"አስናቀው? እሱማ ዓምና አርፎ የለም እንዴ?"

"አርፏል" አለች እማዬ ክንዴን ይዛ። "ልጁ ዛሬ ሰማች።"